ኦቦ ቶላሳ እጅሽን አስገቢ ያሉኝ ቀን

ያን ሰሞን ደክሞኝ ነበር። ይህን አስቀድሜ የምነግራችሁ ሰበብ እንዲሆነኝ አይደለም፤ ድካሙን ካላወቃችሁ ቀሪው ታሪክ ስለማይገባችሁ ነው። እሑድ ቤቴ ከዋልኩ ሦስት ወር አልፎኛል። ተኝቼ ስነሳ ያልተኛሁ ይመስለኛል። ታክሲ ውስጥ መስኮት ተደግፌ አንቀላፋና ወራጅ ሳልል ሰፈሬን አልፋለሁ።

ስሜ ሰናይት ነው፤ የኤሌክትሮኒክስ መሐንዲስ ነኝ። የምሠራው ቡራዩ፣ ከአምቦ መንገድ ትንሽ ገባ ብሎ ካለ ሕንፃ ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣ ስድስት ሰው ብቻ ባለው ድርጅት ውስጥ ነው። ሥራችንን ለዘመድ ማስረዳት ይከብደኛል። እናቴ እስከ ዛሬ ለጎረቤት የምትናገረው ሬዲዮ ትጠግናለች እያለች ነው። እኛ ግን የተበላሸ አንጠግንም፤ የሌለውን ነው የምንሠራው። ደንበኛ ችግሩን ይዞልን ይመጣል። ጫጩት የሚያስፈለፍል ሰው የማሽኑ ሙቀት ሲዛባ ስልኩ እንዲጮህለት ይፈልጋል። ሌላው ታንከሩ ሲሞላ ፓምፑ ራሱን እንዲያጠፋለት ይፈልጋል። እኛ ሰርኪዩቱን እንነድፋለን፣ ፕሮግራሙን እንጽፋለን፣ እንበይዳለን፣ ሳጥን ውስጥ ከትተን እንፈትሻለን። ከዚያ ፈርመን እናስረክባለን።

ድርጅቱን ያቋቋመው ዳዊት ነው። አቶ አትበሉኝ ስላለን ሁላችንም አንተ እንለዋለን። ጥሩ ሰው ነው፤ እምቢ ማለት ግን አይችልም። የመጣውን ሥራ ሁሉ ይቀበላል፤ የተቀበለውን ደግሞ ያከፋፍለናል።

ያን ጊዜ እኔ እጅ ላይ ሁለት ሥራ ነበር። አንዱ የሱሉልታው ነው፤ የወተት ማሰባሰቢያው ማቀዝቀዣ መሞቅ ሲጀምር ለኃላፊው ስልክ የሚደውል ሳጥን። በሳምንት ሁለቴ በእንጦጦ በኩል ወደዚያ እሄዳለሁ። ሁለተኛው የሰበታው ነው፤ ታሪኬም እሱ ነው።

ሰበታ ውስጥ ሰሃንና ድስት የሚያመርት ፋብሪካ አለ። ሰሃኑ የሚወጣው ሠራተኞቹ ፕሬስ ከሚሉት ማሽን ነው። ሠራተኛው ክብ ሆኖ የተቆረጠ ቆርቆሮ በእጁ ያስገባል፣ እጁን ያወጣል፣ ፔዳል ይረግጣል። ከላይ ያለው ከባድ ብረት ይወርድና ቆርቆሮው ሰሃን ሆኖ ይወጣል። ይህ በቀን ሺህ ጊዜ ይደጋገማል። እኛ ከመጠራታችን በፊት አንድ ሠራተኛ እጁን ሳያወጣ ፔዳሉን ረግጦ ሦስት ጣቱን እዚያው ትቶ ወጥቷል። የምርት ኃላፊዋ ወይዘሮ አልማዝ ቢሯችን ድረስ መጥተው፣ “ሁለተኛ እንደዚያ ያለ ነገር ማየት አልችልም፤ አንድ ነገር ሥሩልኝ” ያሉት በዚህ ምክንያት ነው።

የሠራነው ነገር ሲነገር ቀላል ነው። ከማሽኑ አፍ ፊት ለፊት ለዓይን የማይታይ ብርሃን ከግራ ወደ ቀኝ ያልፋል። እጅ ብርሃኑን ሲያቋርጠው ሳጥኑ ውስጥ ያለው ሪሌ፣ ማለትም በኤሌክትሪክ የሚከፈትና የሚዘጋ ትንሽ ማብሪያ ማጥፊያ፣ መስመሩን ይቆርጠዋል። ያኔ ፔዳሉ ቢረገጥም ብረቱ አይወርድም።

ማስረከቢያው ሁለት ቀን ሲቀረው ከሰዓት በኋላ ቢሮ ሆኜ እየፈተሽኩት ነበር። ማሽኑን ቡራዩ ማምጣት ስለማይቻል በእሱ ቦታ አምፖል አስሬያለሁ። አምፖሉ በራ ማለት ብረቱ ይወርዳል ማለት ነው፤ እጄን ብርሃኑ ላይ ሳደርግ መጥፋት አለበት። እጄን አስገባለሁ፣ ይጠፋል። አወጣለሁ፣ ይበራል። እንዲህ ብዙ ጊዜ ከሞከርኩ በኋላ አንዴ እጄን ሳስገባ አምፖሉ እንደበራ ቀረ።

ከዚያ ሳጥኑን በጣቴ መታ አደረግሁት። ከውስጡ ቀጭ የሚል ድምፅ ተሰማና አምፖሉ ጠፋ። እንደገና ሞከርኩ፤ ሠራ። አርባ ጊዜ ሞከርኩ፤ አርባውንም ሠራ። ጠዋት ከሱሉልታ ነው የመጣሁት፤ ዓይኔ ይቃጠላል። መብራትም ሊጠፋ ይችላል ብዬ ቸኩያለሁ። “ገመዱ ላልቶ ይሆናል” አልኩ ለራሴ። ገመዱን አጠበቅሁና መፈተሻ ወረቀቱ ላይ “ተሳክቷል” ብዬ ፈረምኩ።

ለማንም አልተናገርኩም።

ሳጥኑ ሰበታ ከተተከለ በሁለተኛው ሳምንት ወይዘሮ አልማዝ ደወሉ። “እጅ ሳይኖርበትም ይቆማል። ሠራተኛው ተማሯል። መጥተሽ አስተካክይው።” በማግስቱ ከቡራዩ አስኮ፣ ከአስኮ አየር ጤና፣ ከአየር ጤና ሰበታ፣ ሦስት ታክሲ ቀያይሬ ሦስት ሰዓት ሲሆን ደረስኩ።

ማሽኑ ላይ የሚሠሩት ኦቦ ቶላሳ ይባላሉ። ወደ ስልሳው የተጠጉ፣ ቀጭን፣ ረጋ ያሉ ሰው ናቸው። ቤተሰባቸው ከከተማው ጀርባ መሬት አለው፤ እሳቸውም ከፈረቃ ውጭ ያርሳሉ። እዚያ ፕሬስ ላይ ሃያ ስድስት ዓመት ሠርተዋል፤ አሥሩም ጣታቸው አለ። ይህን የነገሩኝ ሌሎቹ ሠራተኞች ናቸው፤ እንደ ትልቅ ማዕረግ ነበር የሚያወሩት።

“አከም ቡልቴ፣ ኢንተላ ኮ?” አሉኝ። እንዴት አደርሽ ልጄ ማለታቸው ነው።

“ነገያ፣ ኦቦ ቶላሳ። አስቸገረዎት አሉ።”

“ይቆማል፣ ይቆማል። እንደ ደከመ በሬ።”

ምክንያቱን ለማግኘት ጊዜ አልወሰደብኝም። የማሽኑ ንዝረት መያዣውን አላልቶታል፤ ብርሃኑ የሚያልፍበትን መስታወት ደግሞ ዘይት ሸፍኖታል። ጠረግሁት፣ መያዣውን በወፍራም ብሎን አሰርኩት። ኦቦ ቶላሳ መቶ ያህል ሰሃን አወጡ፤ አንዴም አልቆመም። ወይዘሮ አልማዝ ከኋላችን ቆመው ነበር። “ተመስገን” አሉ። ዕቃዬን መሰብሰብ ጀመርኩ። የማስበው ታክሲ ውስጥ ስለምተኛው እንቅልፍ ነው።

“ቆይ” አሉ ኦቦ ቶላሳ። “አሁን በከንቱ አይቆምም?”

“አይቆምም።”

“እጄ ገብቶ ሳለስ? ያን ጊዜ ይቆማል?”

“ይቆማል።”

“እርግጠኛ ነሽ?”

“እርግጠኛ ነኝ፣ ኦቦ።”

ከወንበራቸው ተነሱና ቦታውን በእጃቸው አሳዩኝ። “እንግዲያው እጅሽን አስገቢ። ፔዳሉን እኔ ልርገጥ።”

ሲናገሩ ቁጣ አልነበረባቸውም። ፈገግታም የለም። ዕቃ የሚገዛ ሰው አገላብጦ እንደሚያይ ነበር ሁኔታቸው። እጄን አነሳሁ። ደረቴ ጋ ሲደርስ ቆመ። ወደፊት እንዲሄድ አዘዝኩት፤ አልሄደም። ያ አምፖል እንደበራ ዓይኔ ላይ መጣ።

“ኧረ ኦቦ ቶላሳ፣ ልጅቱን አያስጨንቋት” አሉ ወይዘሮ አልማዝ። “ሥራ ቆሟል።”

“አላስጨነቅኋትም። እኔ በቀን ሺህ ጊዜ የማደርገውን አንዴ አድርጊ ነው ያልኳት።”

ማድረግ የምችለው አንድ ነገር ብቻ ነበር። “መጀመሪያ በእንጨት እንሞክረው” አልኩ።

ጥግ ላይ የተሰበረ የመጥረጊያ እንጨት ነበር፤ አነሳሁት። እኔ እንጨቱን ከብረቱ ሥር አስገባለሁ፣ እሳቸው ፔዳሉን ይረግጣሉ። ብረቱ አልወረደም። አወጣሁት፤ ፔዳሉን ሲረግጡ ወረደ። እንደገና አስገባሁ፣ አልወረደም። ሃያ ሆነ። ሃምሳ ሆነ።

“ይኸው እኮ ይሠራል” አሉ ወይዘሮ አልማዝ።

“ትንሽ እንቀጥል” አልኩ።

“ስንት ጊዜ ቢሳካ ነው እጅሽን የምታስገቢው?” ሲሉ ጠየቁኝ ኦቦ ቶላሳ።

የተማርኩት ትምህርት ይህን ጥያቄ የሚመልስ ነው፤ ለእሳቸው ግን የምሰጠው ቁጥር ጠፋኝ። “አላውቅም” አልኩ። ራሳቸውን ነቀነቁና ፔዳሉን ረገጡ።

መቶ ሃያ ላይ የምሳ ደወል ተደወለ። ሠራተኛው ወጣ። ኦቦ ቶላሳ አልተነሱም፤ እኔም አልሄድኩም። ወይዘሮ አልማዝ ሰዓታቸውን እያዩ ሁለቴ መጥተው ተመለሱ። ከምሳ በኋላ ሌሎቹ ማሽኖች ሲነሱ አዳራሹ ሞቀ። ክንዴ ዝሏል። እውነቱን ልንገራችሁ፤ በዚያ ሰዓት ሁለት ነገር በአንድ ላይ እመኝ ነበር። ሳጥኑ እንዳይሳሳት እመኛለሁ፤ ደግሞ ሌላ ሰው እጁን ሳያስገባ አሁን፣ እዚሁ፣ እኔ ፊት እንዲሳሳት እመኛለሁ።

ሁለት መቶ ካለፍን በኋላ ቁጥሩ ጠፋብኝ። እንጨቱን አስገባሁ። እሳቸው ረገጡ። ብረቱ ወረደ።

ድምፁ ከሌላው ጊዜ ድምፅ የተለየ አልነበረም። እጄ ውስጥ የቀረው አንድ ክንድ የማይሞላ እንጨት ብቻ ነው። ሌላው ከሰሃኑ ቅርጽ ጋር ተጨፍልቆ ተጣብቋል። ኦቦ ቶላሳ እግራቸውን ከፔዳሉ ላይ ቀስ ብለው አነሱ። በአጠገባችን ያለው ሠራተኛ ማሽኑን አቆመ።

ተንበርክኬ ሳጥኑን በጣቴ መታ አደረግሁት። ቀጭ አለ። ቢሮ የሰማሁት ያው ድምፅ ነው። ሪሌው ሲግል ይጣበቅና መስመሩን ሳይቆርጥ ይቀራል ማለት ነው።

እዚያው እንደተንበረከክሁ፣ “ይህን አይቼው ነበር” አልኩ። “ከማስረከባችን በፊት አንድ ጊዜ አይቼዋለሁ። ገመድ ነው ብዬ አለፍኩት።”

ወይዘሮ አልማዝ ፊታቸው ተለወጠ። “ምን አልሽ?”

“አይቼው ነበር። ወረቀቱ ላይ ግን ተሳክቷል ብዬ ጽፌያለሁ።”

ኦቦ ቶላሳ እጃቸውን በጨርቅ መጥረግ ጀመሩ። ጣት በጣት ነው የሚጠርጉት።

“ካየሽው ለምን ዝም አልሽ?”

“ደክሞኝ ነበር።”

“እኔም እኮ ይደክመኛል” አሉ። “በተለይ ከሰዓት በኋላ።”

ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

ወይዘሮ አልማዝ ወደ ጎን ወሰዱኝ። ንዴታቸው አልፎ ድካም ይታይባቸው ነበር። “ስሚ፣ ሁለት መቶ ጊዜ ሠርቷል፤ አንዴ ነው የሳተው። ከምንም ይሻላል። ሌላውን እስክትሠሩ እዚያው ይቆይ።”

ሐሳቡ ሞኝነት አልነበረም። እኔም ለአፍታ ትክክል መሰለኝ። ኦቦ ቶላሳ ግን ሰምተው ነበር።

“አይሻልም” አሉ። “ይሄ ሳይኖር እጄን አያለሁ። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ከእጄ ላይ ዓይኔን አንስቼ አላውቅም። ይሄ ካለ ግን ሰው ነኝ፣ እሱን አምኜ ዓይኔን ከእጄ ላይ አነሳለሁ። የሳተ ቀን እጄን ሳላይ ይቆርጠኛል። ይፈታ።”

ውጭ ወጥቼ ለዳዊት ደወልኩ። የሆነውን ሁሉ ነገርኩት፤ ቢሮ ያየሁትንም ጭምር።

“ለእነሱ ነግረሻቸዋል?” አለ።

“ነግሬያቸዋለሁ።”

“ለእኔ ከመደወልሽ በፊት?”

“አዎ።”

“ፍቺውና ይዘሽው ነይ” አለና ዘጋው።

ሳጥኑን ፈታሁ። መያዣውን፣ ገመዱን፣ ሁሉንም። ማሽኑ እንደ ድሮው ባዶ አፉን ከፍቶ ቀረ። ስወጣ ኦቦ ቶላሳ ሥራ ጀምረዋል፤ ዓይናቸው እጃቸው ላይ ነው፤ ደህና ይሁኑ ብላቸውም ቀና አላሉም። ሳጥኑን ጭኔ ላይ አድርጌ ወደ ቡራዩ ተመለስኩ። ያን ቀን ታክሲ ውስጥ እንቅልፍ አልወሰደኝም።

በማግስቱ ጠዋት ዳዊት የመፈተሻ ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶ ጠበቀኝ። የሥራ መልቀቂያዬን ጽፌ ይዤ ነበር። አላነበበውም። ጣቱን ከፊርማዬ በታች ባለው ሌላ ፊርማ ላይ አደረገ።

“ይሄ የማን ነው?”

“ያንተ።”

“ሳላየው ነው የፈረምኩት። አንቺ ከፈረምሽ አለቀ ብዬ።” ዓይኑን አሸት አሸት አደረገ። እሱም እንደ እኔ አልተኛም ነበር። “ሁለት ሰው እንዲፈርምበት ያደረግነው እኮ አንዱ ሲደክመው ሌላው እንዲያይ ነበር። ሁለታችንም ደከመንና ሁለታችንም ፈረምን።”

መልቀቂያውን መለሰልኝ። “ከሄድሽ ማን ያስተካክለዋል?” አለ። ይቅርታም አይመስል፤ ቁጣም አይመስል። ሱሉልታ ስልክ ደውሎ የወተቱ ሥራ እንደሚዘገይ ነገራቸው። ለመጀመሪያ ጊዜ እምቢ ሲል የሰማሁት ያን ቀን ነው።

አዲሱን ለመሥራት ሰባት ሳምንት ፈጀብን። በአንዱ ፈንታ ሁለት ሪሌ አደረግን። አንዱ ቢጣበቅ ሌላው ይቆርጣል፤ መጣበቁን ሳጥኑ ካወቀ ደግሞ ሰው እስኪያየው ድረስ ማሽኑ ጨርሶ አይነሳም። ወረቀት ላይ የአንድ ቀን ሐሳብ ነው። ማሽን ላይ አስሮ ማጋል፣ ማንዘር፣ ዘይት መቀባት፣ ያን ሁሉ ሺህ ጊዜ መቁጠር ነው ሳምንታቱን የበላው።

በእነዚያ ሰባት ሳምንታት ኦቦ ቶላሳ ያለ ምንም ከለላ ይሠሩ ነበር። በየቀኑ ከሰዓት በኋላ ስልኬን ደጋግሜ አያለሁ። በአምስተኛው ሳምንት የወይዘሮ አልማዝ ስልክ ሲመጣ እጄ ላይ የነበረውን መበየጃ ጣልኩት። ስልኩን አላነሳሁም፤ ጠርቶ ጠርቶ ተዘጋ። ሁለተኛ ሲጠራ ዳዊት አነሳው። እኔ ፊቱን ነበር የማየው። “ስለ ቀኑ ነው የሚጠይቁት” አለኝ ስልኩን በእጁ ሸፍኖ። ሽንት ቤት ገብቼ አለቀስኩ።

አዲሱን የተከልን ዕለት ማንም ምንም ሳይጠይቀኝ እጄን ከብረቱ ሥር አስገባሁና ኦቦ ቶላሳን፣ “ይርገጡት” አልኳቸው። ጀግንነት እንዳይመስላችሁ። እንዲህ ያለ ነገር መሐንዲስ ማድረግ እንደሌለበት አውቃለሁ፤ ዳዊት በኋላ ተቆጥቶኛል። ኦቦ ቶላሳ ግን አልረገጡም። እጄን ከእጅ አንጓዬ ይዘው ቀስ ብለው አወጡት።

“በእንጨት አልሽኝ እኮ፤ በእንጨት ይበቃል” አሉ። “ያን ቀንም እጅሽን አልነበረም የፈለግሁት። ትፈሪ እንደሆነ ማየት ነበር።”

ይህን ካነበባችሁ ወገኖቼ መካከል መድኃኒት የምትቆጥሩ ትኖራላችሁ፤ ፍሬን የምትጠግኑ፣ የሕንፃ ብረት የምታስሩ፣ ለማታውቁት ሰው ወረቀት የምትፈርሙ ትኖራላችሁ። አትድከሙ አልላችሁም። የእኛ አገር ሥራ ሳይደክሙ የሚሠራ አይደለም። እኔም ዛሬ ይደክመኛል። ይህን ስጽፍ ራሱ ከሱሉልታ መምጣቴ ነው። የተለወጠው ነገር ትንሽ ነው፦ ደክሞኝ ሳለ ያየሁትን ነገር አላየሁም ብዬ ለራሴ አልነግርም። ሲደክመኝ ለዳዊት ደክሞኛል እለዋለሁ፤ እሱም በእኔ ቦታ ያያል። ደክሞኛል ማለት ለእኔ ስንፍና ይመስለኝ ነበር። ዛሬ ከምናገራቸው ቃሎች ሁሉ ይበልጥ ጠቃሚው እሱ ይመስለኛል።

ባለፈው ወር አንድ ቀን ለሌላ ጉዳይ ሰበታ ሄጄ በፋብሪካው አለፍኩ። ኦቦ ቶላሳ ሥራ ላይ ነበሩ። ከአጠገባቸው ካለው ሠራተኛ ጋር ስለ ዝናቡ፣ ስለ ጤፉ በኦሮምኛ እያወሩ፣ ፊታቸውን ወደ እሱ አዙረው እየሳቁ፣ እጃቸው ግን ሳያዩት እየገባና እየወጣ ነው። አላዩኝም። እኔም አልጠራኋቸውም። በሩ ላይ ቆሜ ሳያቸው ደስታ ይሰማኛል ብዬ ጠብቄ ነበር፤ የተሰማኝ ግን ትከሻዬ ላይ የሚጫን ነገር ነው። አሁንም አለ።